ሲነጋ ይለቃል

በእናቴ ወገን ቤት «ጊንጥ ነደፈኝ» ብሎ የጮኸ ሰው ብዙ አያስሮጥም። «አብሽር፣ ሲነጋ ይለቃል» ይባላል። ቡና ይጣዳል፣ የተነደፈው እግር ትራስ ላይ ይወጣል፣ ዱአ ይደረጋል፣ ሌሊቱ እንደምንም ይገፋል። ደግሞም እውነት ነው፣ ሲነጋ ይለቃል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ድሮ በተተወ ነበር።

የእናቴ ዘመዶች የሚኖሩት ከባቲ ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ሚሌ ሜዳ መውረድ በሚጀምርበት ቆላ ነው። እኔ ያደግኩት ደሴ ነው። ወሎን በስም ብቻ የሚያውቅ ሰው ሁለቱ ምን ያህል እንደሚራራቁ አይገባውም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ሥር፣ ጋቢዋን ደርባ የምትኖር ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ስትወርድ ጋቢው ይወልቃል፤ ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከዚያ ወዲያ ሸሚዙም ይከብድሃል። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ከቁርስ እስከ ምሳ ትጨርሰዋለህ። ደሴ ሳለሁ ጊንጥን የማውቀው በሥዕል ነበር። ክረምት ትምህርት ተዘግቶ ወደ ቆላ ስንላክ ግን መጀመሪያ የምንማረው ጫማ ማራገፍ ነው፤ ጠዋት ኮንጎህን ገልብጠህ፣ ተረከዙን መሬት ላይ መታ መታ አድርገህ ነው የምታጠልቀው። ዛሬም አዲስ አበባ፣ ፎቅ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ ያደረ ጫማ አራግፋለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች፤ ትሳቅ።

ጊንጥ የበረሃ ነው ሲባል ብዙ ሰው አሸዋ ብቻ ይታየዋል። የእኛ ቆላ ማሽላ፣ ግራርና የድንጋይ እርከን ነው፤ ለጊንጥ ደግሞ ይሄ ሳይሻለው አይቀርም። ቀን ከሙቀት የሚሸሸግበት ስንጥቅ ይፈልጋል፣ ካብ ሞልቶለታል። በረሮ፣ ፌንጣ፣ ምስጥ ይበላል፣ እነሱም ከሰው ቤት አይጠፉም። ሰውነቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ እርሳስ የማታስገባበት ክፍተት ውስጥ ይገባል። የአገዳ ክምር፣ የማገዶ ቁልል፣ ለክረምት የተደረደረ ኩበት፣ ግድግዳና መደብ የሚገናኙበት ጥግ፣ ሁሉም ቤቱ ነው። የሚበላው ቢያጣ ወራት ይቆያል፤ ዓመት ድረስ ሳይበላ የሚቆይ ዝርያም አለ። እንዲህ ያለውን ፍጡር በረሃብ አታሸንፈውም።

አጎቴ ሲነደፉ አጠገባቸው ነበርኩ። ኅዳር መጨረሻ ነው፤ ማሽላው ተቆርጦ አገዳው ወደ ግቢ ይጓጓዛል። ፀሐይ ጠልቃለች። ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ እቅፍ አገዳ ከመሬት ሲያነሡ «ወይ!» አሉ። አገዳውን ግን አልጣሉትም፤ ክምሩ ላይ አድርሰው ነው የተቀመጡት። በባትሪ ፈልገን አገኘናት፦ በቅጠሉና በአገዳው መሃል ተለጥፋለች፣ ርዝመቷ የመሃል ጣት ያህል፣ ቀላ ያለች፣ የጅራቷ መጨረሻ ግን ጥቁር። መቆንጠጫዎቿ ቀጫጭኖች ናቸው፣ ጅራቷ ወፍራም ነው። ብርሃኑ ሲያርፍባት አልሸሸችም፤ ጅራቷን ጀርባዋ ላይ አጥፋ ቆመች። አጎቴ ከተቀመጡበት ተነሥተው በበረባሶ ጫማቸው ጨፈለቋትና ተመልሰው ተቀመጡ።

ከሁሉ የገረመኝ ጣታቸው ነው። ንብ የነደፈው ጣት ያብጣል፣ ይቀላል፤ የእሳቸው ላይ ምንም አልነበረም። የተወጋበትን ነጥብ ለማየት ባትሪውን ማስጠጋት ነበረብን። ሕመሙ ግን ከጣት ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ብብት ወጣ። «እሳት ነው፤ ቀጥሎ ይደነዝዛል፤ ደግሞ እሳት» አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። አክስቴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው አሰሩላቸው። አንድ ጎረቤት ምላጭ ይዞ ቢመጣ «ወግድ ወዲያ፣ እሷ የበጣችኝ ትበቃኛለች» ብለው አባረሩት። ከኢሻ እስከ ሱብሒ ግቢውን ሲዞሩ አደሩ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው አልቆ እንደገና ተፈላ። ሱብሒ ሰግደው ጥቂት ጋደም አሉና ረፋዱ ላይ የተረፈውን አገዳ ሊያመጡ ሄዱ።

ከዘመዶቼ መሃል ያልተነደፈ ትልቅ ሰው አላውቅም። ሁሉም እንዲህ ያለ ሌሊት አላቸው፣ ሁሉም ነግቶላቸዋል። ቁጥሩም ያግዛቸዋል፦ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ አንድ ግምት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው በጊንጥ ይነደፋል፣ የሚሞተው 3,250 ያህል ነው። ከሺህ ሦስት ሰው እንኳ አይሞላም። አክስቴ ይህን ቁጥር ሳያዩ በልምድ ደርሰውበታል። ብቻ ከእነዚያ የማይነጋላቸው ጥቂት ሰዎች አብዛኞቹ ልጆች መሆናቸውን ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም፤ ልምዱም አይናገርም፣ ምክንያቱም ቡና እየጠጣ ልምዱን የሚያወራው ትልቅ ሰው ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ አልመጣም፣ ቤት ውስጥ አየር የለም፣ ሰው ሁሉ ደጅ ሰሌን አንጥፎ ነው የሚተኛው። እኩለ ሌሊት ላይ ጮኻ ተነሣች። የሚያማትን መናገር አትችልም፣ «ዋ ዋ» ከማለት በቀር። ገላዋን አገላብጠው አዩ፣ ምንም የለም። መጀመሪያ ሆዷን ነው ተባለ። አስመለሳት። ላቡ ፀጉሯን አረጠበው፣ ምራቋ አገጯ ላይ ይወርዳል፣ ደረቷ የሚግል ልጅ እግሯ ቀዝቅዟል። እግሮቿን ታንፈራግጣለች፣ ዓይኖቿ ወዲያ ወዲህ ይንከራተታሉ። «ዐይን ነው» ያለም ነበር። በመጨረሻ አያቷ ሰሌኑን ቢገልጡት ጊንጡ ከሥሩ ወጣ።

ይህን ጊዜ የሆነው ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። «ጊንጥ ነው ለካ! አልሐምዱሊላህ» አሉ። ዐይን አይደለም፣ እባብ አይደለም፣ የሚታወቅ ነገር ነው። አያቷ ልጅቷን ወደ ደረታቸው አስጠግተው «አብሽሪ እናቴ፣ ሲነጋ ይለቃል» ይሏት ጀመር። ልጅቷን ከልባቸው ይወዷታል፤ የሚያውቁትን ነው ያሉት።

እንዲህ አይደለም ያለው ከሳዑዲ የተመለሰው አጎቷ ነው። ጂዛን አካባቢ ፍየል ሲጠብቅ ኖሮ ነው የመጣው። «እዚያ ልጅ ሲነደፍ ሌሊት በመኪና ነው የሚያከንፉት፤ ስጧት!» ብሎ ነጠቃቸው ማለት ይቻላል። ባጃጅ ተፈለገ፣ ጠፋ፤ ወደ ባቲ የሚወጣ አንድ አይሱዙ አስቁመው ጫኗት። ከጤና ጣቢያው ሪፈር ተጻፈላትና ኮምቦልቻ ደረሰች። ስትደርስ ትንፋሿ ይንኮራኮር ነበር። ኦክስጅን ተደረገላት፣ መድኃኒት ተሰጣት፣ ተረፈች። ዛሬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ምላሷም አይቻልም።

ያንን ሰሞን ነው ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት። የሚገርመው፣ ያነበብኩት ሁሉ በዚያ ሌሊት ከታየው ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል። መርዙ የሚሠራው ነርቭ ላይ ነው። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው በላዩ ባሉ ጥቃቅን በሮች ሶዲየም እያስገባ ነው፤ በሩ ይከፈታል፣ ወዲያው ይዘጋል፣ መልእክቱ ያበቃል። የጊንጡ መርዝ በሩ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ጨፋ ሜዳ ላይ የመስኖ ቦይ ሳይዘጋ ያደረበት ገበሬ ይሄ በደንብ ይገባዋል፤ ውሃው ጥፋት የለበትም፣ አለመቆሙ ነው ማሳውን የሚያጠፋው። እረፍት ያጣ ነርቭ ዕጢዎችን ሁሉ ይቀሰቅሳል፦ ላብ፣ ምራቅ፣ ትውከት። ከዚያ ሰውነት ሲደነግጥ የሚያመነጨው አድሬናሊን ያለ ልክ ደም ውስጥ ይለቀቃል። የደም ግፊት ይወጣል፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ልብ ይደክማል፣ በመጨረሻ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። ሥጋውን ሳያበላሽ ነርቭን ብቻ የሚነካ መርዝ በመሆኑም ነው የተነደፈው ቦታ ንጹሕ የሚመስለው።

መጠኑስ? አጎቴ ሰባ ኪሎ ቢሆኑ ልጅቷ አሥራ ሁለት አትሞላም። ጊንጥ ለልጅ ብሎ አይቀንስም።

እንዲያውም ሲፈልግ መቀነስ እንደሚችል ነው የሚታወቀው፤ ለራሱ ሲል ነው እንጂ። መርዝ መሥራት ለጊንጥ ብዙ ወጪ ነው። ፓራቡቱስ የተባለው የአፍሪካ ጊንጥ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሲነካ መጀመሪያ የሚያወጣው ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፤ ፖታሲየም የበዛበት፣ በጣም የሚያሳምም፣ ለእሱ ግን ርካሽ። ትንኮሳው ከቀጠለ ነው ወተት የመሰለውን፣ ፕሮቲን የሞላበትን ዋና መርዝ የሚያወጣው። ጭራሽ ያለ መርዝ የሚወጋበት ጊዜም አለ። ስለዚህ «እኔን ነድፎኝ ምንም አልሆንኩ» የሚለው ወሬ ስለ ጊንጡ ዝርያ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ያ ሰው ምን ያህል መርዝ እንደደረሰው እንኳ አያውቅም። ልጅ ደግሞ ተኝቶበት፣ ተገላብጦበት፣ ደጋግሞ የሚወጋበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ ዝርያ ካነሣን፣ በቆላው የሚፈራው ትልቁ ጥቁር ጊንጥ ነው፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ መቆንጠጫው እንደ ሸርጣን የፈረጠመ። ልጆች ሲያዩት ይበተናሉ። ቢጫዋና ቀላ ያለችው ትንሿ ግን «እሷማ ምን አላት» ትባላለች። ሳይንሱ ግን ተቃራኒውን ይላል። ትልቅ መቆንጠጫ ያለው ጊንጥ አደኑን ጨፍልቆ ስለሚይዝ መርዙ ብዙ ጊዜ ለሰው ቀላል ነው። መቆንጠጫው ቀጭን፣ ጅራቱ ወፍራም የሆነው ነው በመርዙ የሚኖረው። በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ የጊንጥ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ሰውን ለሞት የሚያሰጉት ጥቂት ደርዘን ናቸው፣ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ቡቲዴ ከሚባለው አንድ ቤተሰብ ናቸው። የሰሃራው ባለ ወፍራም ጅራት አንድሮክቶነስ፣ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ዐረብ ምድር ያለው ቢጫው ሌዩሩስ፣ የሕንዱ ቀይ ጊንጥ፣ የሜክሲኮው ሴንትሩሮይደስ፣ የብራዚሉ ቲትየስ፣ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። በእኛ በአፍሪካ ቀንድ ከዚሁ ቤተሰብ ፓራቡቱስና ሆተንቶታ አሉ። እንዲያውም አንዱ ፓራቡቱስ አቢሲኒከስ ይባላል፤ የሀገራችንን የድሮ ስም ተሸክሞ የሚዞር ባለ ጥቁር ጅራት ጊንጥ ነው። ደንቡ ግን ያለ ልዩነት አይሠራም፤ ኢራን ውስጥ ከቡቲዴ ወገን ያልሆነ፣ ሲነድፍ ብዙም የማያሳምም፣ በኋላ ግን ሥጋንና ደምን የሚያበላሽ ሄሚስኮርፒየስ የሚባል አለ። እንግዲህ መልኩን አይቶ መፍረድ ለመጠንቀቅ ይጠቅማል፣ «ይሄ አይጎዳም» ብሎ ለመተኛት ግን አይሆንም።

ሳዑዲን ያነሣሁት በአጋጣሚ አይደለም። የወሎ ልጅ ከበረሃ ጊንጥ ጋር የሚተዋወቀው ቤቱ ብቻ አይደለም። ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከሐርቡ፣ ከቆቦ ተነሥቶ በአፋር በኩል ጅቡቲ የሚገባው፣ ከዚያም ኦቦክ ደርሶ በጀልባ የመን የሚሻገረው ወጣት ስንት ነው! ቀን ከፀሐይና ከፖሊስ ተደብቆ ሌሊት ይጓዛል፤ ሲደክመው ድንጋይ ተንተርሶ መሬት ላይ ይተኛል። ድንጋዩ ሥር ያለው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሌሊትን ሲጠብቅ የዋለ ነው። የጎረቤታችን ልጅ አጎት ሲያጫውተኝ፣ ስለ ጥሙና ስለ ደላሎቹ ብዙ ካወራ በኋላ፣ ስለ ጊንጥ በጨረፍታ ነው ያለፈው። «አብሮን የነበረ ልጅ ተነደፈ፣ ተሸክመነው ሄድን» አለ፣ ወደ ሌላ ወሬ ዞረ። መንገድ ላይ የሚገድል ነገር ሲበዛ ጊንጥ ከወሬም አይቆጠር።

ሳዑዲ ሲደርስ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሪያድ ውስጥ የእባብና የጊንጥ መርዝ ማርከሻ የሚያመርት የመንግሥት ማዕከል አለ፤ መርዙ በትንሽ በትንሹ ለፈረስ ይሰጣል፣ የፈረሱ ደም የሚያመነጨው መከላከያ ተጣርቶ መርፌ ይሆናል። አልጄሪያና ቱኒዚያም የየራሳቸውን ያመርታሉ። ማርከሻ ግን ለተሠራበት ጊንጥ ነው የሚሠራው፤ የሜክሲኮውን አምጥተህ ለባቲው ልጅ ብትሰጠው ተስፋ አታድርግ። ለየአካባቢው ጊንጥ የየአካባቢው ማርከሻ ያስፈልጋል፣ ያም ገንዘብና ፈቃደኝነት ይጠይቃል፤ የሚነደፈው የደሃ ልጅ ስለሆነ ሁለቱም ቶሎ አይመጡም። ይህን ስል የተቆጣሁ ከመሰለህ፣ አዎ ተቆጥቻለሁ።

ለዚህ ነው የሕንዱ ሐኪም ታሪክ ልቤ ውስጥ የቀረው። ሂማትራኦ ባዋስካር ይባላል። ማሃራሽትራ ግዛት ውስጥ፣ ማሃድ በሚባለው አካባቢ፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ሲሠራ በቀይ ጊንጥ የተነደፉ ልጆች ሳንባቸው ውሃ እየሞላ እጁ ላይ ይሞቱበት ነበር። የሚያክምበት ነገር አልነበረውም፤ ምልክቶቹን እያደረ፣ አልጋ አጠገብ እየተቀመጠ ይጽፋል። ያየውን እ.ኤ.አ. በ1982 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ። ከዚያ የደረሰበት ነገር በጣም ቀላል ነው፦ ልጆቹን የሚገድላቸው የአድሬናሊን ጎርፍ ከሆነ፣ ያንን የሚገታ የደም ግፊት ክኒን አለ፤ ፕራዞሲን ይባላል፣ ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። በዚህ ክኒን ከመቶ 30 ያህል ይደርስ የነበረው ሞት ከመቶ 5 በታች ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ባለቤቱ ጭምር የተሳተፉበት ጥናታቸው ክኒኑ ከማርከሻ ጋር ሲሰጥ ሕመምተኛው ይበልጥ ቶሎ እንደሚያገግም አሳየ። በ2022 የሕንድ መንግሥት ሽልማት ሰጠው። የገጠር ጤና ጣቢያ ሐኪም፣ ያለ ላቦራቶሪ!

ክኒኑ ግን በሐኪም እጅ የሚሰጥ ነው፤ ግፊት ስለሚጥል ቤት ውስጥ ለልጅ የሚቀመስ ነገር አይደለም፣ ሁሉም ዓይነት የጊንጥ መርዝም በአድሬናሊን በኩል ብቻ አይገድልም። የደቡብ አፍሪካው ፓራቡቱስ ለምሳሌ ይበልጥ መዋጥና መተንፈስን ነው የሚያስቸግረው። እኔ ከባዋስካር የወሰድኩት ክኒኑን አይደለም፤ ልጅ ማስመለስ፣ ማላብ፣ ምራቅ ማዝረብረብ ሲጀምር ሰዓቱ መቆጠር መጀመሩን ነው። እነዚህ ምልክቶች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይመጣሉ። ንጋት ይርቃቸዋል።

ሰዎቻችን የሚያደርጉትን ሁሉ ማንቋሸሽ አልወድም። ነጭ ሽንኩርቱ አይጎዳም። ዱአው ሰውን ያረጋጋል፣ የተነደፈ ሰው ደግሞ መረጋጋት ያስፈልገዋል። ምላጩ ግን ይቅር፤ መርዙ ወዲያው ስለሚሰራጭ ቁስልና ቴታነስ ነው የሚያተርፈው። በአፍ መምጠጥም እንዲሁ። አጥብቆ ማሰር መርዙን አያስቀርም፣ ጣቱን ግን ሊያስቀር ይችላል። ነጭ ጋዝ የሚያፈሱም አሉ፣ ለምን እንደሆነ እነሱም አያውቁም። በውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ቀለበት ካለ አውልቆ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ይዞ፣ ለትልቅ ሰው የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ መጠበቅ ይበቃል። ትልቅ ሰውም ቢሆን ትንፋሽ ካጠረው ወይም መዋጥ ካቃተው መሄድ አለበት። ልጅ ከሆነ ግን ምልክቱን ሳትጠብቅ መንገድ ነው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 ግብፅ አስዋን ላይ ከባድ ዝናብና በረዶ ወርዶ ጊንጦቹን ከየጉድጓዳቸው አስወጣቸው፤ በዚያ ሰሞን ከ500 በላይ ሰው ተነደፈ። ፌስቡክ ላይ «ጊንጥ ሦስት ሰው ገደለ» ተብሎ ተሰራጨ፤ የቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥም ገባ። የግብፅ ጤና ሚኒስቴር በበኩሉ በጊንጥ የሞተ እንደሌለ አስታወቀ፤ ሆስፒታሎቹ ማርከሻ ነበራቸው። አክስቴ ወሬውን ሲሰሙ «እኛ ዘንድም ጎርፍ ሲመጣ እንዲህ ነው፣ ማን ይጽፍልናል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ጎርፍ ካቡን ሲያርሰው ጊንጡ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ቤት ነው የሚመጣው፣ ያን ሰሞን መደብ ላይ መተኛት አይመከርም።

ባለፈው ስሄድ ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩባትን ሐምራዊ ብርሃን ያላትን ትንሽ ባትሪ ይዤ ወረድኩ። የጊንጥ ቅርፊት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያበራል፤ ቅርፊቱ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው ብርሃኑን ተቀብለው በሰማያዊ አረንጓዴ የሚመልሱት። ለምን እንደሚጠቅመው ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ። ጨረቃ ያልወጣችበት ማታ መርጠን ከአጎቴና ከልጆቹ ጋር ካቡን አየነው። በተራ ባትሪ ድንጋይ ብቻ የነበረው ቦታ ላይ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ እያለ በራ። ልጆቹ መቁጠር ጀምረው ተዉት። አንዷ ደግሞ ሁለመናዋ እያበራ ጀርባዋ ጨለማ ነው፤ ጠጋ ብለን ብናይ ግልገሎቿን አዝላለች። ጊንጥ እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል፤ ግልገሎቹ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ ጀርባዋ ላይ ይቆያሉ፣ እስከዚያ ደግሞ አያበሩም። በነጭ ባትሪ ሲታዩ ልጥፍ ያሉ፣ ነጣ ያሉ፣ ጅራታቸውን የጠቀለሉ ነገሮች ናቸው። አጎቴ ጫማቸውን አንሥተው ነበር፤ መልሰው አወረዱት፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ አነሡት። ረገጧት። አልፈርድባቸውም፣ ካቡ ከልጆቹ መኝታ ጥቂት እርምጃ ነው።

አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «ይሄን ሁሉ አዝለን ነው የኖርነው?» አሉ። በማግስቱ የአገዳው ክምር ከቤቱ ይራቅ ብለው ተነሡ። አጎቴ አይሆንም አሉ፤ ከአጥር ውጭ ከሆነ የሰው ከብት ይበላዋል፣ እውነትም ይበላዋል። ክርክሩ እስከ ምሳ ዘለቀ። ክምሩ እዚያው ቀረ። ልጆቹ ግን ከሰሌን ተነሥተው ጠፍር አልጋ ላይ ወጡ፤ የአልጋው እግሮች የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ቆሙ፣ ጊንጥ በልሙጥ ነገር ላይ መውጣት ስለማይሆንለት። አልጋው ከግድግዳ ሸሸት ብሎ፣ ብርድ ልብሱም መሬት እንዳይነካ ተደረገ። የአንድ ባለ ባጃጅ ስልክ ቁጥር በከሰል ከበሩ ጀርባ ተጽፏል፤ ሌሊት ይመጣል ወይ ስል «ገንዘቡን አስቀድመን ሰጥተነዋል» አሉኝ። ዶሮም ጨምረዋል። ዶሮ ጊንጥ ካገኘች ትበላለች፤ ችግሩ ዶሮ ስትተኛ ነው ጊንጥ የሚነሣው።

ባትሪዋን እዚያው ትቻት መጣሁ። በቅርቡ ስደውል አንዱ ነጋዴ ጎረቤት ለሰኞ የባቲ ገበያ ብር ሊለይባት ተውሷት ሳይመልስ ቀርቷል፤ አክስቴ እሷን ካላመጣ ቡና አልጠራውም ብለው ዝተዋል።